ዓይን የማያየው ባይት

አንድ ተማሪ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ስክሪፕት፣ ማለትም በተራ የሚፈጸሙ ትዕዛዞችን የያዘ የጽሑፍ ፋይል፣ አዘጋጅቶ ሊነክስ ወደተጫነበት ኮምፒዩተር ይወስደዋል እንበል። ሊያስነሣው ሲሞክር «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ፋይሉ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደግሞ ቢገለብጠው፣ የማስነሻ ፈቃዱንም ቢያስተካክል መልሱ አይለወጥም። የዚህ እንቆቅልሽ መፍቻ ብዙ ጊዜ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ የተቀመጠ አንድ ትርፍ ባይት ነው፤ ታሪኩም ከኮምፒዩተር ስክሪን በፊት ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ይፋ የሆነው አስኪ የተባለው ኮድ ከፊደላትና ከአኃዞች ሌላ ቴሌፕሪንተር የተባሉትን የርቀት ማተሚያ መሣሪያዎች ለሚያንቀሳቅሱ ትዕዛዞችም ቁጥር መድቦ ነበር። ቁጥር 13 ማተሚያውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፤ ቁጥር 10 ደግሞ ወረቀቱን አንድ መስመር ያሳልፋል። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ አንድ ፊደል ከማተም የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ፣ 13ን አስቀድሞ 10ን ማስከተል ለመሣሪያው ፋታ ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ ግን የመልቲክስን ፈለግ ተከትሎ በፋይል ውስጥ 10ን ብቻ አስቀረ፤ መሣሪያው 13 የሚያስፈልገው ከሆነ በሚታተምበት ሰዓት ይጨመርለታል። ሲፒኤም የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሁለቱንም ይዞ ቀጠለ፤ በ1981 የወጣው ኤምኤስ ዶስ፣ ከዚያም ዊንዶውስ ይህንኑ ልማድ ወረሱ። በ1984 የመጣው ማኪንቶሽ በበኩሉ 13ን ብቻ መረጠ፤ በ2001 ማክ ኦኤስ ቴን በዩኒክስ መሠረት ላይ ሲቆም ወደ 10 ዞረ። ከሦስቱ የዩኒክሱ ውሳኔ የተሻለ ይመስለኛል፤ የማተሚያ መሣሪያ ጠባይ የጽሑፉ አካል የሚሆንበት ምክንያት የለምና።

የሊነክስ ከርነል ስክሪፕት ሲያስነሣ በቅድሚያ የፋይሉን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባይቶች ይመለከታል። #! የሚለውን ካገኘ፣ ከዚያ ቀጥሎ እስከ ባይት 10 ድረስ ያለውን ስክሪፕቱን የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ለምሳሌ የባሽ፣ አድራሻ አድርጎ ይወስደዋል። በዊንዶውስ ልማድ በተቀመጠ ፋይል ግን ከ10 በፊት 13 አለ። በዩኒክስ ቤተሰብ የፋይል ስም ከዜሮና ከ/ በስተቀር ማንኛውንም ባይት ሊይዝ ስለሚችል፣ ከርነሉ የሚፈልገው ባሽን ሳይሆን ስሙ በባይት 13 የሚያልቅ ሌላ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በእርግጥም የለም። መልእክቱ እውነቱን ተናግሯል፤ የጠፋው ግን ተማሪው የሚያየው ፋይል አይደለም። መልእክቱ አንዳንድ ጊዜ ተቆራርጦ የሚታየውም በዚሁ ባይት ምክንያት ነው፦ 13 ስክሪኑ ላይ ሲደርስ ዛሬም የጥንት ሥራውን ይሠራል፤ ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሰውና የቀረው ጽሑፍ በፊተኛው ላይ ይደረባል።

ስክሪፕቱ ጨርሶ ካልተነሣ ጉዳቱ ቀላል ነው። የሚያስፈራው ሲነሣ ነው። ስክሪፕቱ ራሱ በሊነክስ የተጻፈና ጤነኛ ሆኖ፣ የፎልደሮችን ስም የሚያነበው ግን በዊንዶውስ ከተዘጋጀ ዝርዝር ነው እንበል። ሥራው ወደ እያንዳንዱ ፎልደር ገብቶ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች መሰረዝ ነው። በተነበበው ስም መጨረሻ 13 ስላለ ወደ ፎልደሩ የመግባት ትዕዛዙ ይከሽፋል። ሼል ደግሞ በግልጽ ካልታዘዘ በቀር አንድ ትዕዛዝ ስለከሸፈ አይቆምም። ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ስረዛውም ስክሪፕቱ በተነሣበት ፎልደር፣ ምናልባትም የመመረቂያ ጽሑፉ በተቀመጠበት፣ ይፈጸማል። ሁለቱን ትዕዛዞች በ&& ማያያዝ ሁለተኛው የሚፈጸመው የመጀመሪያው ሲሳካ ብቻ እንዲሆን ያደርጋል።

በስክሪፕታቸው ውስጥ በአማርኛ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ሌላም ችግር ሊያጋጥማቸው ይችላል። የግዕዝ ፊደላት የሚቀመጡበት የተለመደው አጻጻፍ ዩቲኤፍ 8 ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የዊንዶውሱ ኖትፓድ በዚህ አጻጻፍ ሲያስቀምጥ እስከ 2019 ድረስ በፋይሉ ራስ ላይ 239፣ 187 እና 191 የሚሉ ሦስት ባይቶችን ይጨምር ነበር። ከርነሉ #! ሲጠብቅ 239 ያገኛል፤ ፋይሉንም ሳይቀበለው ይቀራል። ያን ጊዜ ሼሉ ፋይሉን በራሱ ቋንቋ ለማንበብ ይሞክራል። የፓይተን ስክሪፕት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ያስቃል፦ በፓይተን ሌላ ፋይል ለማስገባት የሚያገለግለው ቃል ኢሜጅማጂክ በተጫነበት ኮምፒዩተር የስክሪን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ትዕዛዝ ስም ነው።

እንዲህ ያለውን ብልሽት ጽሑፉን ደጋግሞ በማንበብ ማግኘት አይቻልም፤ ባይቶቹን ማየት ያስፈልጋል። ኦዲ የተባለው የዩኒክስ ፕሮግራም ባይቶቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ካት የተባለውም በተገቢው አማራጭ ሲታዘዝ 13ን በ^ ምልክትና ኤም በተባለችው የላቲን ፊደል ያሳያል፤ ኤም በፊደል ተራ 13ኛዋ ናት። ትርፉን ለማስወገድ ዶስቱዩኒክስ ይበቃል። ፋይሎቹ በጊት የሚያዙ ከሆነ ግን ስክሪፕቶች በማናቸውም ኮምፒዩተር በ10 ብቻ እንዲያልቁ በፕሮጀክቱ ውስጥ መደንገግ ይሻላል፤ ጊት በዊንዶውስ ላይ በተለመደው ምርጫ ሲጫን ፋይል ባወጣ ቁጥር 13ን ይጨምራልና።

ባይቶቹ ንጹሕ ሆነው ስክሪፕቱ አሁንም ካልሠራ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ በአንድ ስም የሚጠራ ሁለት ፕሮግራም ነው። ኤስኤች የሚለው ስም በኡቡንቱ ከ2006 ጀምሮ ዳሽ የተባለውን አነስተኛ ሼል ያስነሣል፤ የባሽን ልዩ አጻጻፎችም አያውቅም። ፋይልን በቦታው የሚያርመው ሴድም በሊነክስና በማክ አንድ አይደለም፤ የማኩ የቀድሞው ቅጂ በምን ቅጥያ እንደሚቀመጥ ካልተነገረው ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ ቅጥያ አድርጎ ይወስደዋል።