«መገደብ» ወይስ «መመጠን»?

በጋሸና አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች በአንድ የኢንተርኔት መስመር ሲጠቀሙ አንዱ ከባድ ፋይል ቢያወርድ የሌሎቹ ሥራ ይጓተታል። መላው በራውተሩ ላይ የፍጥነት ጣሪያ ማበጀት ነው፤ መስመሩ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢሆንና አውራጁ ከ2 እንዳያልፍ ቢደረግ፣ የቀረው ለሌሎቹ ይተርፋል። ይህ በተለምዶ «ፍጥነት መገደብ» ይባላል። ይሁን እንጂ «ገደበ» ከ«ግድብ» ጋር አንድ ሥር ያለው፣ ማገድን የሚያሳይ ግሥ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ከቆየ ወዲህም የአካባቢው አንባቢ «ተገደበ» ሲባል መዘጋትን ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ «ገደብ» ለክልከላ ተትቶ፣ ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ «የማውረድ ፍጥነት ምጣኔ» የሚለውን እናቀርባለን። «ምጣኔ» በ«ቤተሰብ ምጣኔ» የተለመደ ቃል ነው፤ የውሃ አባት የመስኖውን ውሃ ለየማሳው እንደሚያዳርስ ሁሉ፣ ያካፍላል እንጂ አይነፍግም።