በደረቅ ደሴት ላይ ደን ስለ መትከል

ከሴኔጋል ዳርቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ገባ ብሎ ኬፕ ቬርዴ የሚባሉ 10 ደሴቶች አሉ። ስሙ በፖርቱጋል ቋንቋ አረንጓዴ የምድር ጫፍ ማለት ነው፤ ነገር ግን የተወሰደው በፊት ለፊታቸው ካለው ከሴኔጋል የየብስ ጫፍ እንጂ ከራሳቸው ልምላሜ ስላልሆነ፤ ስሙን ሰምቶ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አቧራ ሲቀበለው ይደነቃል። ዝናቡ ቢመጣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፤ እሱም በጥቂት ቀኖች በኃይል ወርዶ አፈሩን ወደ ባሕር ይዞት ይሄዳል። ፈጽሞ የሚቀርበትም ዘመን አለ።

ፖርቱጋሎች በ15ኛው መቶ ዓመት (ዘመኑን ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) ሲደርሱ ደሴቶቹ ሰው አልነበረባቸውም። ከሰፋሪው ጋራ ፍየልም ገባ። ሰው ለማገዶና ለእርሻ ሲቈርጥ፤ ፍየልም የቀረውን ሲጨርስ፤ ቀድሞም ብዙ ያልነበረው ዛፍ አለቀ። ከዚህ በኋላ ድርቅ በመጣ ቍጥር ረኃብ ይከተለው ዠመር፤ ከ1941 እስከ 1943፤ ደግሞም በ1947ና በ1948 በደረሰው ረኃብ ብቻ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አልቋል። ዛሬ እንኳ የደሴቶቹ ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ መኾኑን ያሰበ ሰው የጥፋቱን ልክ ሊገምተው ይችላል።

በዚያ ዘመን ልጅነቱን በደሴቶቹ ያሳለፈ አሚልካር ካብራል የሚባል ሰው ነበረ። የዓለም ሕዝብ የሚያውቀው ለነጻነት በመታገሉ ነው፤ በትምህርቱ ግን የእርሻ ሊቅ ነበርና፤ አስቀድሞ የጻፈው አፈር በውኃና በነፋስ ስለ መጠረጉ ነው። እሱ በ1973 ተገደለ፤ ደሴቶቹም በሐምሌ ወር 1975 ነጻ ወጡ።

አዲሱ መንግሥት የተረከበው አገር ከ1968 ዠምሮ በድርቅ የተመታ፤ ደኑም 3,000 ሄክታር ያህል ብቻ የነበረ ነው። ከሌላ አገር ለርዳታ የተላከውን እህል ለሕዝቡ በነጻ ማደል ይቻል ነበር። እነሱ ግን እህሉን በገበያ ሸጠው፤ በገንዘቡ ለሠራተኛ ደመወዝ ከፈሉበት፤ ሠራተኛውም፤ ይልቁንም የገጠር ሴቶች፤ እርከን ካበ፤ በየሸለቆው ክትር ሠራ፤ ዛፍ ተከለ። ይህ ዘዴ ከዛፉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ነው፤ የተራበውን ሰው እጁን ዘርግቶ ከመቆም አድኖታልና።

አተካከሉም በዘፈቀደ አይደለም። ችግኙ በመደብ ላይ በከረጢት ያድጋል፤ ጉድጓዱም ዝናብ ሳይመጣ አስቀድሞ ይቈፈራል፤ በቍልቍለቱ በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የድንጋይ ካብ ይሠራለታል። ዝናቡ አንድ ጊዜ ወይም ኹለት ጊዜ ብቻ ሊጥል ይችላልና፤ ካቡ ከላይ የሚወርደውን ውኃ ይዞ ወደ ሥሩ ያሰርገዋል። የመዠመሪያው ዝናብ በወረደ ጊዜ ሰው ኹሉ ወደ ተራራ ይወጣል፤ አንድ ሳምንት የዘገየ ተካይ የዓመቱን ድካም ሊያጣ ይችላል። በዚህ አኳኋን በ30 ዓመት ውስጥ የተተከለው ከ80,000 ሄክታር በላይ እንደ ኾነ ይነገራል፤ ከአገሩ ስፋት አንድ አምስተኛው መኾኑ ነው። እርግጥ የተተከለ ኹሉ ደን ነው ለማለት አይቻልም፤ በማዮ ደሴት ሜዳ ላይ የተተከለውና በሳንቲያጎ ደጋ ላይ የቆመው አንድ አይደለም።

በደጋው የቆመው ጥድና ባሕር ዛፍ ነው። ከካናሪ ደሴቶች የመጣው ጥድ ቅጠሉ እንደ መርፌ ረዥም ስለ ኾነ፤ ከሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ጋራ የሚመጣውን ጉም ያጠምደዋል፤ ጠብታውም በዛፉ ሥር ይወርዳል። ዝናብ በሌለበት ወር ከዛፉ በታች ያለው መሬት ርሶ ይገኛል። ይህን አይተው በሳንቲያጎ በሴራ ማላጌታ ተራራ መረብ ዘርግተው ከጉም ውኃ የሚያጠራቅሙ አሉ።

በቈላው ግን የተተከለው አብዛኛው ፕሮሶፒስ ነው። ይህን ስም የአፋር አንባቢያችን ሲሰማ ፊቱን ሳያጠቍር አይቀርም። በአዋሽ ሸለቆ ነፋስና አቧራ እንዲከለክል ከ1970ዎቹ መጨረሻ ዠምሮ የተተከለው ይኸው እሾኻም ዛፍ፤ ከብቱ እንደ አተር እሸት ረዥም የኾነውን ፍሬውን በልቶ ዘሩን በየደረሰበት ስለሚጥለው፤ ጎርፉም ስለሚወስደው፤ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር የማያንስ ግጦሽ እንደ ወረሰ ይገመታል። ታዲያ አንዱ ዛፍ በዚያ ሲመሰገን በዚህ ለምን ተረገመ? በማዮ ሌላ ነገር ሊበቅልበት በማይችል ጨዋማ ሜዳ ላይ ተተክሎ፤ እንጨቱ ለማገዶና ለከሰል ይቈረጣል፤ ባሕሩም ዙሪያውን አጥር ኾኖታል። በአዋሽ ግን ለም ሣርና የወንዝ ውኃ፤ ደግሞም የሚዘዋወር ከብት አገኘ። እንዲህም ኾኖ በኬፕ ቬርዴ ወደ ሸለቆው እርሻ ሲወርድ ውኃውን ይጠጣብናል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ እኔም ክርክራቸውን ከንቱ አልለውም።

ተከላው የደመወዝ ሥራ ስለ ነበረ ጥበቃው ከባድ ኾኗል። ሰው ለተከለው ይከፈለው ነበር፤ ከ5 ዓመት በኋላ ለቆመው ዛፍ ግን ማን ይከፍለዋል? ማገዶውን በብዙ ቤት የቡታ ጋዝ ስለ ተካው መጥረቢያው ቀንሷል፤ እሳቱ ግን አልቀነሰም። በሚያዝያ ወር 2023 በሴራ ማላጌታ ደን እሳት ተነሥቶ ሊያጠፉ ከወጡት ወታደሮች መካከል መኪናቸው ተገልብጦ የሞቱ አሉ። ጥድና ባሕር ዛፍ ቅጠላቸው ዘይት ያለበት ስለ ኾነ፤ ከሥራቸው ያልተጠረገ ደረቅ ቅጠል ካለ፤ እሳት ሲነካው በቶሎ ይያያዛል።

ስለዚህም በተራራው ያሉ ጠባቂዎች ከውጭ መጥቶ የተስፋፋውን ላንታና የሚባለውን ቍጥቋጦ እየነቀሉ፤ በቦታው የአገሩን ተወላጅ ተክል ማፍላት ይዘዋል። ከተወላጆቹ አንዱ በሳን ኒኮላው ደሴት ገደል ላይ ጥቂቱ የተረፈው የዘንዶ ዛፍ ነው። ዕድገቱ እጅግ የዘገየ ነው፤ ዛሬ በከረጢት ያለውን ችግኝ የሚያፈላው ሰው ጥላውን አያይም። ቢኾንም ጉድጓዱ ተቈፍሮ ካቡም ተክቦ፤ የነሐሴን ዝናብ ይጠብቃል።