ሥነ ሰብእ፣ ዘርፎቹና የባህል ጽንሰ ሐሳብ፦ እንሰት እንደ ማሳያ

መግቢያ

«ባህል» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት አነጋገር የሚሸከመው ትርጉም ጠባብ ነው። የባህል ልብስ፣ የባህል ምግብ፣ የባህል ምሽት ሲባል ከተራው ኑሮ ተለይቶ በበዓል ቀን የሚታይ ነገርን ያመለክታል። በጥናታዊ ጽሑፎች ውስጥ ደግሞ ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደ መደምደሚያው ነው፤ አንድ ማኅበረሰብ የቀረበለትን ቴክኖሎጂ ወይም አገልግሎት ሳይቀበል ሲቀር ምክንያቱ «ባህል» ነው ተብሎ ይታለፋል። በመጀመሪያው አጠቃቀም ባህል ጌጥ ነው፤ በሁለተኛው ዕንቅፋት ነው። ሥነ ሰብእ (አንትሮፖሎጂ) ለጽንሰ ሐሳቡ የሚሰጠው ፍቺ ከሁለቱም ይለያል። ይህ መጣጥፍ የትምህርት መስኩን ምንነትና ዋና ዋና ዘርፎች ካስተዋወቀ በኋላ የባህልን ጽንሰ ሐሳብ ያብራራል፤ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚለማውን እንሰትንም በማሳያነት ይወስዳል።

የሥነ ሰብእ ምንነት

አንትሮፖሎጂ የሚለው ስያሜ «ሰው» እና «ጥናት» የሚል ፍቺ ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ይሁንና ሰውን የሚያጠናው ይህ መስክ ብቻ አይደለም፤ ሕክምና፣ ታሪክ፣ ምጣኔ ሀብትና ሥነ ልቡናም ሰውን ያጠናሉ። ሥነ ሰብእን የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሁለንተናዊነት ሲሆን፣ ይህም የሰውን አካል፣ ቋንቋ፣ ሥራና እምነት እርስ በርስ አያይዞ መመልከት ነው። ሁለተኛው የተለያዩ ማኅበረሰቦችን ማነጻጸር ነው። ሦስተኛው ረጅም ጊዜ የሚወስድ የመስክ ጥናት ነው፤ ተመራማሪው ከሚያጠናቸው ሰዎች ጋር ይኖራል፣ ቋንቋቸውን ይማራል፣ በዕለት ተዕለት ኑሯቸው እየተሳተፈ ያስተውላል። ይህን ዘዴ በማጠናከር ረገድ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በትሮብሪያንድ ደሴቶች ያካሄደው ጥናት ትልቅ ሥፍራ ይሰጠዋል።

አራቱ ዘርፎች

መስኩን በአራት ዘርፎች መክፈል በተለይ በአሜሪካ የዳበረ ልማድ ሲሆን ከፍራንዝ ቦአስ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ዘርፎቹ የየራሳቸው ዘዴ ቢኖራቸውም አንድን ጉዳይ በጋራ ሊያጠኑ እንደሚችሉ የእንሰት ምሳሌ ያሳያል።

እንሰት ከሙዝ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። ግንዱ ይፋቃል፤ የተፋቀው ተጨምቆ በጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያም ቆጮ ይሆናል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ቡላ፣ ተቀቅሎ የሚበላው ሥር አሚቾ፣ ለገመድና ለመሳሰሉት የሚውለው ጭረት ቃጫ ይባላሉ። እንሰት በዱር መልኩ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ ለምግብነት የተላመደው ግን በኢትዮጵያ ነው።

ሥነ ሕይወታዊ ሥነ ሰብእ የሰውን ዝግመተ ለውጥና አካላዊ ልዩነት ያጠናል። እ.ኤ.አ. በ1974 በሃዳር የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ የዚህ ዘርፍ ዐቢይ መረጃ ናት። ዘርፉ በሕይወት ያሉ ሰዎችን አመጋገብና ጤናም ይመረምራል። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ከምን ጋር እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል። ወተት፣ አይብ፣ ጎመንና ጥራጥሬ በገበታው ላይ መገኘት አለመገኘታቸው በሕፃናት ዕድገት ላይ ለውጥ ያመጣል።

አርኪዮሎጂ ሰዎች ትተዋቸው ከሄዱ ቁሳዊ ቅሪቶች ተነሥቶ ያለፈውን ኑሮ ያጠናል። በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። እንሰት ግን ለአርኪዮሎጂ አስቸጋሪ ተክል ነው። የሚራባው በዘር ሳይሆን ከሥሩ በሚበቅል ችግኝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚቆረጠው ፍሬ ሳያፈራ ነው። መፋቂያዎቹ ከቀርከሃና ከእንጨት ሲሠሩ ይበሰብሳሉ። በመሆኑም ተመራማሪው እንደ ስንዴና ገብስ የከሰለ ዘር መፈለጉ ብዙ አይረዳውም፤ በአፈር ውስጥ የሚቀሩ በዓይን የማይታዩ የተክል ቅንጣቶችን መመርመር ይኖርበታል። የእህል ዘር በቁፋሮ መገኘቱና የእንሰት አለመገኘቱ ስለ ታሪክ ያለንን ግንዛቤ ሊያዛባ እንደሚችል ልብ ማለት ይገባል።

ሥነ ልሳናዊ ሥነ ሰብእ በቋንቋና በማኅበራዊ ኑሮ መካከል ያለውን ግንኙነት ያጠናል። የእንሰት አምራቾች ዝርያዎችን በየስማቸው ለይተው ያውቃሉ፤ ይህ ለቆጮ፣ ያ ለቃጫ፣ ሌላው ለመድኃኒት ይሻላል ይላሉ። የዝርያዎቹ ስም ዝርዝር የተከማቸ ዕውቀት መዝገብ ነው። ከዚህም ሌላ ጉራጌኛ የሴም፣ ሲዳምኛና ሐዲይኛ የኩሽ፣ ወላይትኛና ከፍኛ የኦሞ ቋንቋዎች ሆነው ሳሉ ተናጋሪዎቻቸው እንሰትን ያለማሉ። በአንጻሩ ጉራጌኛና አማርኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ቢሆኑም የሰሜኑ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬ የሚኖረው በእህል ነው። ይህ ቦአስ አጥብቆ ያስተማረውን ነጥብ ያረጋግጣል፦ የዘር ግንድ፣ ቋንቋና ባህል የግድ ተያይዘው አይሄዱም።

ማኅበራዊና ባህላዊ ሥነ ሰብእ ዝምድናን፣ የሥራ ክፍፍልን፣ ሥልጣንን፣ እምነትንና ሥርዓተ ክዋኔን ያጠናል። ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ የጉራጌን ማኅበረሰብ ከእንሰት ጋር አስተሳስሮ አጥንቷል። በብዙ እንሰት አብቃይ አካባቢዎች በልማድ የሚተክሉትና የሚያዛውሩት ወንዶች ሲሆኑ፣ መፋቅና ማብላላት የሴቶች ሥራ ነው። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ስለሚወስድ በጓሮ የቆመው እንሰት የቤተሰቡ ጎተራ ነው፤ የከብቶቹ ፍግ ማሳውን ያዳብራል፤ የከብቶቹ ወተት ገበታውን ያሟላል።

የባህል ጽንሰ ሐሳብ

እ.ኤ.አ. በ1871 ኤድዋርድ ታይለር ባህል ማለት ሰው የኅብረተሰብ አባል በመሆኑ የሚያገኛቸውን ዕውቀት፣ እምነት፣ ኪነ ጥበብ፣ ግብረ ገብ፣ ሕግ፣ ልማድና ሌሎች ችሎታዎች የሚያጠቃልል መሆኑን ገለጸ። ይህ ፍቺ ባህልን ከጥቂቶች ሥልጡንነት ወደ ሁሉም ሰው ንብረትነት አሸጋገረው። ይሁን እንጂ ታይለር ማኅበረሰቦችን በአንድ የዕድገት መሰላል ላይ ይደረድር ነበር። ቦአስ መሰላሉን ተቃውሞ እያንዳንዱ ባህል በራሱ ታሪክ መታየት እንዳለበት አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1952 አልፍሬድ ክሮበርና ክላይድ ክላክሆን ከ160 በላይ የባህል ፍቺዎችን ሰብስበው መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ክሊፎርድ ጊርትዝ ባህል ሰዎች ለኑሯቸው ትርጉም የሚሰጡበት የምልክቶች ሥርዓት መሆኑንና ጥናቱም የትርጓሜ ሥራ መሆኑን አጽንቶ ጻፈ። የአማርኛው ቃል ራሱ «አለ፣ ተናገረ» ከሚለው የግእዝ ግስ «ብህለ» የወጣ ስለሆነ ሲነገርና ሲወርድ የመጣን ነገር ያስታውሳል።

ፍቺዎቹ ቢለያዩም ብዙዎቹ የሚስማሙባቸው ባሕርያት አሉ። ባህል በትምህርት የሚገኝ ነው፤ ልጅቱ ቆጮ መብሰሉን በሽታውና በእጅ ስሜት የምትለየው ከእናቷ ተምራ ነው። የጋራ ነው፤ ነገር ግን እኩል የተከፋፈለ አይደለም። ስለ መብላላት ሴቶች የሚያውቁትን ወንዶች አያውቁትም፤ ወንዶችን ብቻ የጠየቀ ጥናትም ግማሹን ዕውቀት ያጣል። ምልክታዊ ነው፤ ለእንግዳ የሚቀርበው ቆጮ ከምግብነት አልፎ ክብርን ይገልጻል። የተሳሰረ ነው፤ ከብቱ ሲቀንስ ፍጉ፣ ማሳውና ገበታው አብረው ይጎዳሉ። ተለዋዋጭም ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ጄምስ ብሩስ በጣና ሐይቅ አካባቢ እንሰት ይበላ እንደነበር ጽፏል፤ ዛሬ በሰሜን ብዙው ሰው ተክሉን የሚያውቀው ዳቦ በሚጋገርበት ኮባነቱ ነው። ስለዚህ ተፈጥሮ ለሰው አማራጭ ታቀርባለች እንጂ አትወስንለትም።

ለተመራማሪው ያለው ፋይዳ

ከላይ የተጠቀሱት ባሕርያት «ባህል» የሚለው ቃል በራሱ ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ እንደማይችል ያሳያሉ። ለምሳሌ፣ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ለአንድ መንደር ቀርቦ ሥራ ላይ ሳይውል ቢቀር፣ «ባህሉ አልፈቀደም» ማለት ጥናቱን ያለ ጊዜው መዝጋት ነው። መጠየቅ ያለበት ብዙ ነው፦ ማሽኑ የማን ንብረት ይሆናል? በሴቶች የሥራ ቦታ ይቆማል ወይስ ወንዶች በሚቆጣጠሩት ሥፍራ? ሴቶች ተሰብስበው ሲፍቁ የሚለዋወጡት ጉልበትና ምክርስ በምን ይተካል? ከቆጮው ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ በማን እጅ ይገባል? ለእነዚህ መልስ ሲገኝ ባህል የተባለው ነገር ወደ ዕውቀት፣ ጥቅም፣ ሥልጣንና ትርጉም ይተነተናል። ምናልባትም የተነፈገው ፈቃድ የባህል ሳይሆን የዋጋ ጉዳይ ሆኖ ይገኝ ይሆናል።

በተቃራኒው ባህልን ማክበር ማለት በውስጡ ያለውን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። የመፋቅ ሥራ አድካሚ ነው፤ ሸክሙም የወደቀው በሴቶች ላይ ነው። አንጻራዊነት የሚጠይቀው ከመፍረድ በፊት መረዳትን ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ «ባህል» የሚለውን ቃል በመደምደሚያው ሲያገኘው ወደ ጥናቱ መጠይቅ ሊመልሰው ይገባል፤ የመስክ ሥራው የሚጀምረውም ከዚያ ነው።