ከክርስትናው በኋላ ምሳው የት ይሁን?

በመርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የሚባለውን ሥፍራ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። ቁራሌው በየመንደሩ ዞሮ የሚሰበስበው አሮጌ ብረት፣ የተቀደደ በርሜልና የተሰበረ ድስት ወደዚያ ይገባል፤ ከዚያም በመዶሻና በመቀስ ተለውጦ የከሰል ምድጃ፣ መጥበሻ፣ አክንባሎና ሣጥን ሆኖ ይወጣል። እኛም የቡና ምድጃ ልንገዛ ወርደን ሳለ፣ ስለ ምድጃው ዋጋ ጠይቀን ስለ ምሳ ተጠይቀን ተመለስን።

በርሜል ቆርጦ ምድጃ የሚሠራ አንድ ባለሙያ መዶሻውን አስቀምጦ፣ «እናንተ ብዙ ቦታ የምትዞሩ ሰዎች ናችሁ፤ ለክርስትና ምሳ የሚሆን ከፍ ያለ ምግብ ቤት ብትጠቁሙኝ» አለን። ሴት ልጅ ተወልዳለት 80ኛው ቀን ቀርቦ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል፣ ግቢውም የጋራ ነው። ባለቤቱ ገና ከአራስነት የተነሣች ስለ ሆነች፣ ለእንግዳ ወጥ ስትሠራ እንድትውል አልፈለገም። ስለዚህ በምግብ ቤት መብላቱ ለታይታ አልነበረም፤ እናቲቱም እንደ እንግዶቿ ተቀምጣ እንድትበላ ነው።

የጨነቀው ነገር ግን ሌላ ነበር። የክርስትና እናት ለመሆን የተመረጡት ወይዘሮ ደኅና ነጋዴ ናቸውና አንድ ትልቅ ሆቴል መርጠው ግማሹን ወጪ እኔ እችላለሁ ብለዋል። እርሱም ሌላውን ግማሽ ሲያሰላው ገንዘቡ ለ8 ሰዎች ብቻ ይበቃል፤ የሚጠሩት ግን 12 ናቸው። «አራቱን ማስቀረት አለብኝ። እናቴ ከአገር ቤት መጥታለች፤ በሹካ መብላትም ደረጃ መውጣትም አትችልም፣ ቤት ትቆይ ይሉኛል። ከሱቄ ፊት ለፊት ያሉት ሐጂ ደግሞ ሚስቴ ምጥ በያዛት ሌሊት በመኪናቸው ሐኪም ቤት ያደረሱልኝ ሰው ናቸው። እርሳቸውን ብጠራቸው ከዚያ ምን ይበላሉ?» ሲል ነገሩን አስረዳን።

ገንዘብ ከፍሎ ከቤት ውጭ መብላት በአገራችን የቆየ ልማድ አይደለም። በአራዳ የሚገኘው፣ የአገራችን የመጀመሪያ ሆቴል የሚባለውና ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው ቤት በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲከፈት፣ ሰዉ ምግብ መግዛትን እንደ ነውር ቆጥሮ ሸሽቶ እንደ ነበረና ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው በመብላት ልማዱን እንዳስጀመሩ በቃል ሲወርድ የመጣ ታሪክ አለ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ ልጁን ክርስትና አስነሥቶ እንግዳውን ወደ ትልቅ ሆቴል ያልወሰደ ሰው እንደ ንፉግ የሚታይበት ጊዜ ደርሷል። ያን ጊዜ በሆቴል መብላት ያሳፍር ነበር፤ አሁን አለመብላት ያሳፍራል። የባለ ምድጃው ጭንቀትም ከዚህ የመጣ ስለ ሆነ፣ ለእርሱ የነገርነውን ለአንባብያንም ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

በመጀመሪያ ቀኑን መቁጠር ያስፈልጋል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ልጁ እንደ ተወለደ የምሳው ዓይነት ሊታወቅ ይችላል። ለምሳሌ ነሐሴ 30 ቀን የተወለደች ልጅ፣ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነበት ዓመት፣ የተወለደችበት ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር 80ኛው ቀኗ ኅዳር 14 ይሆናል። ያ ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ የፍስክ ነው። በማግስቱ ጳጉሜን 1 ቀን የተወለደች ልጅ ግን ክርስትናዋ ኅዳር 15 ስለሚውል የነቢያት ጾም በሚገባበት ዕለት ነው። በአንድ ቀን ልዩነት የአንዷ ማዕድ ዶሮ፣ የሌላይቱ ሽሮ ይሆናል። ይህን ሳይቆጥሩ ቀብድ መክፈል ጸጸት ያመጣል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። በእሑድ ቅዳሴው በጧት ስለሚያልቅ ምሳው በ6 ሰዓት ቢባል ይደርሳል። በጾም ወራት ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ቀን ግን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚዘልቅ፣ በ6 ሰዓት ምግብ ያዘዘ ሰው ሕፃኗ ገና ሳትቆርብ ወጡ ይቀዘቅዝበታል። ደግሞም አብሮ የሚቆርብ ወላጅ ቢኖር 18 ሰዓት ጾሞ የመጣ ነውና ወረፋ አስጠብቆ የሚያቆይ ቤት ለእርሱ አይሆንም። ከቆረበም በኋላ ቀኑን በዝምታና በጥንቃቄ ማሳለፍ ስለሚገባው፣ ዘፈን በሚጮኽበትና መጠጥ በሚበዛበት አዳራሽ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ለብቻው የሚዘጋ ክፍል ወይም ጸጥ ያለ ማዕዘን እንዳለ አስቀድሞ ሄዶ ማየት ይሻላል። የነፍስ አባት ማዕዱን ሲባርኩ ድምፃቸው ሊሰማ ይገባል፤ እናቲቱም ልጇን የምታጠባበት ሥፍራ ያስፈልጋታል።

ሦስተኛው የወጥ ቤቱ ነገር ነው። የጾም ምግብ አለን የሚል ሁሉ ጾምን የሚያውቅ አይደለም። ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋ ጎመኑን እንዳይቆርጥበት፣ ሽሮው በቅቤ እንዳይነካ፣ ዳቦው እንቁላል እንዳይቀባ በግልጥ መጠየቅ ነውር የለውም። ለልጅቱ ተብሎ የሚቆረሰው ኬክም ወተትና እንቁላል ያለበት ከሆነ በጾም ቀን ለእንግዳው ፈተና ይሆናል፤ የጾም ኬክ የሚሠሩ ቤቶች ስላሉ ከእነርሱ ማዘዝ ይቻላል። በጾም ምግብ ዝርዝር ውስጥ ዓሣ ገብቶ ቢገኝ ስለዚያ የነፍስ አባትን እንጂ አስተናጋጁን አንጠይቅ።

አራተኛው ዋጋው ነው። በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በታላላቅ ሆቴሎችም የአገልግሎት ክፍያ ይታከልበታል። ለምሳሌ የአንድ ሰው ምሳ 1,000 ብር ነው ቢባልና 10 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያም ላይ ታክሱ ቢጨመርበት 1,265 ብር ይሆናል። ለ12 ሰዎች 12,000 ብር ብሎ የሄደ አባት 15,180 ብር ይጠየቃል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት በእንግዳ ፊት ኪስን መዳበስ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ስንነግረው ባለ ምድጃው በዝምታ ሰማና፣ «የእኔዋ ልጅ ቀን በኅዳር መጨረሻ እሑድ፣ በጾሙ ውስጥ ነው» አለ። በዚህን ጊዜ ችግሩ ያለበት ቦታ መፍትሔውም ያለበት መሆኑ ታየን። ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን በሚታዩበት በመርካቶ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና ሲኖሩ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ በድግስ ጊዜ ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፤ ለብቻውም ይሠራለታል። ይህን በቤት ማድረግ ይቻላል፤ በሆቴል ግን አስቸጋሪ ነው። የጾም ማዕድ ሲሆን ግን ምስሩንና ክኩን፣ ጎመኑንና ሱፍ ፍትፍቱን ሐጂም የነፍስ አባትም ከአንድ መሶብ ሊቆርሱት ይችላሉ። እርሱ ጾሙን የምሳው ጉድለት አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ እንግዶቹን ሁሉ የሚያስቀምጥለት ግን ያው ጾሙ ሆኖ ተገኘ።

የጾም ምሳን በክብር የሚያቀርብ ቤት ማግኘትም አዳጋች አይደለም። በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ከፊሉን የጎዳው ያው ጣይቱ ሆቴል እንኳ በጾም ምሳው ለብዙ ዓመታት የታወቀ ነው። ሌሎችም አሉ። ባለ ምድጃው ሦስት ቤቶችን በእግሩ ዞሮ አይቶ፣ ደረጃ የሌለውን፣ እጅ መታጠቢያው ቅርብ የሆነውን፣ ምግቡንም በመሶብ የሚያቀርበውን አንዱን መረጠ። ዋጋው ሆቴሉ ከጠየቀው ስላነሰ ለ12ቱም በቃ።

የክርስትና እናቲቱ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው፣ «እኔ እኮ ለልጄ ክብር ብዬ ነው» አሉት።

እርሱም፣ «እትዬ፣ ክብሩን አልጠላሁም፤ ነገር ግን ወንበሩ እናቴን ካስቀረብኝ ምን አደርገዋለሁ?» ብሎ መለሰላቸው።

ወይዘሮዋ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያስ የተረፈውን ገንዘብ ድፎ ዳቦና ጠላ እናድርግበት፤ ማታ በግቢያችሁ ለጎረቤትና ለነዳያን ጸበል ጸዲቅ ይሁን» አሉ። እንደዚሁም ተደረገ።

ምድጃችንን ልንወስድ በተመለስን ጊዜ ምሳው እንዴት እንደ ነበረ ጠየቅነው። ስለ ምግቡ ብዙ አልነገረንም። እናቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለምራታቸው፣ ሁለተኛውን ለሐጂ መስጠታቸውን፣ ሐጂም ሕፃኗን ታቅፈው የክርስትና ስሟን ደጋግመው እስኪለምዱት መጥራታቸውን አጫወተን። ቡናውን ግን በምግብ ቤቱ አልጠጡም፤ ወደ ቤት ተመልሰው እርሱ በሠራው ምድጃ ላይ አፈሉት።

እናንተም ልጃችሁን ክርስትና ልታስነሡ ስትሰናዱ፣ የምግብ ቤቱን ስም ከመምረጣችሁ በፊት የሚቀመጡትን ሰዎች ስም በወረቀት ጻፉ። አንዱን ስም የሚያስሰርዛችሁ ቤት ምንም ያህል ቢያምር ለዚያ ቀን አይሆንምና እለፉት። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።