ልጅ ዝም ካለ አያውቅም ማለት ነውን?

ከኅብረታችን አባላት መካከል በእስራኤል ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆችን በትርፍ ጊዜያቸው የሚያስጠኑ ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ጓደኞቻችን ከመምህራኑ አዘውትረው የሚሰሙት አንድ አነጋገር አለ፤ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ነገር ግን አይናገርም፤ ሲጠየቅም አይመልስም» የሚል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው «ምናልባት ችሎታው ዝቅተኛ ይሆናል» የሚለው ግምት ነው። ይህ ተራ ግምት ሆኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ ዳሩ ግን ልጁ የሚመደብበትን ክፍል፣ ከዚያም አልፎ ወደፊት የሚከፈትለትንና የሚዘጋበትን በር ይወስናልና ጉዳዩን በጥሞና መመርመር ያሻል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ሁሉ በአገራችን፣ በተለይም በገጠሩ ክፍል፣ ልጅ በታላቅ ፊት ዐይኑን ሰበር አድርጎ መቆሙ፣ ሳይጠየቅ አለመናገሩ፣ ሲጠየቅም ባጭሩና በዝግታ መመለሱ የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው። ይኸው ልጅ እዚህ ክፍል ሲገባ መምህሯ ጥያቄውን ወርውራ ወዲያው መልስ ትጠብቃለች። ጓደኞቹ እጃቸውን እያወዛወዙ «እኔ! እኔ!» ይላሉ። እርሱ ግን ገና «መናገር ይገባኛልን?» የሚለውን በልቡ እያመዛዘነ ነው፤ ተራውም ያልፈዋል። ይህ በቀን ዐሥር ጊዜ ሲደጋገም መጀመሪያ ጨዋነት የነበረው ዝምታ ቀስ በቀስ ወደ ፍርሃት፣ ፍርሃቱም «እኔ አልችልም» ወደሚል እምነት ይለወጣል። እርግጥ ነው፣ ዝምታ ሁሉ ጨዋነት ነው አንልም። በቁጣና በአርጩሜ የመጣ ዝምታም እንዳለ፣ እርሱም ልጁን የሚጎዳ እንጂ የሚያርም እንዳልሆነ መካድ አይገባንም።

በ1984 እና በ1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ ኋላም በ1991 በተካሄደው የሰሎሞን ዘመቻ ወደዚህ አገር የመጡት የቤተ እስራኤል ልጆች በተለመደው የወረቀት ፈተና ሲለኩ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ነበር። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቹ፣ ከቁጥራቸው ድርሻ በላይ፣ ወደ ልዩ ትምህርት ክፍሎች ተላኩ። በመሠረቱ እንዲህ ያለው ፈተና የሚለካው ልጁ እስከ ዛሬ ያከማቸውን ነው እንጂ ነገ ሊማር የሚችለውን አይደለም። እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ፣ በወረቀት ላይ የተሣለ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ «ከመሰሉ ጋር አዛምድ» ተብሎ የማያውቅ ልጅ በዚያ ፈተና ቢወድቅ ምን ያስደንቃል?

በ1921 በሩማንያ ተወልዶ በኢየሩሳሌም ሲሠራ የኖረውና በ2014 ያረፈው የሥነ ልቡና ሊቅ ሪዩቨን ፎየርሽታይን፣ በ1950ዎቹ ዓመታት ከሞሮኮና ከአካባቢው የመጡ ልጆች በተመሳሳይ ሁኔታ «ደካሞች» ተብለው ሲመዘገቡ አይቶ ሌላ ዐይነት ፈተና አዘጋጀ። ይኸውም በመጀመሪያ ይፈትናል፤ ቀጥሎ ፈታኙ ራሱ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ያስተምራል፤ ከዚያ እንደገና ይፈትናል። የሚመዘነው በሁለቱ መካከል የታየው ለውጥ ነው። የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ጹሪኤል ከካውፍማን ጋር በ1999 ባሳተመው ጥናት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆችን እዚህ አገር ከተወለዱት ጋር በዚህ መንገድ አወዳድሯል። በመጀመሪያው ፈተና የእኛዎቹ ዝቅ ብለው ተገኙ። ለአጭር ጊዜ ግን በትጋት ከተማሩ በኋላ ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ፤ በብዙው ፈተና ተቀራርበው ተገኙ። የጎደለው ችሎታ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባጭር ጊዜ ባልተሟላ ነበር።

ታዲያ ከጎን የተቀመጠው ዐዋቂ የሚሠራው ምንድን ነው? ፎየርሽታይን የደረሰበትን ሐሳብ በእኛ ቋንቋ «በአገናኝ የሚገኝ ትምህርት» ልንለው እንችላለን፤ ዐዋቂው በልጁና በነገሩ መካከል ሆኖ ያገናኛል። ማታ ጥጆች ሲገቡ አባት ልጁን «ቁጠር» ብሎ ብቻ ቢተወው ልጁ ቁጥር ይማራል። «ስንት ወጡ? ስንት ገቡ? የጎደለችው የትኛዋ ናት? ጠዋት ወዴት ታዘነብል ነበር? እንግዲያውስ ነገ ወንዝ ስታሻግራቸው ማንን ቀድመህ ትመለከታለህ?» ቢለው ግን ልጁ የሚማረው ማሰብን ነው። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። ያልመለሰ ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን አስረክቦ፣ መልሱን ሰምቶ፣ ስቆ ይቀጥላል። ተሳስቶም አልተዋረደም። እንግዲህ በቤታችን የሚጠይቅና የሚጠየቅ ልጅ አልነበረም የሚሉ ሰዎች የምሽቱን ጨዋታ ያላዩ ናቸው።

ልጅ በራሱ እንዲተማመን የሚያደርገው ምክር ሳይሆን የማይጓደል ሰው ነው። ኤሚ ወርነርና ሩት ስሚዝ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ በ1955 የተወለዱትን 698 ሕፃናት እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታትለዋል። ከነዚህ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብና በመሳሰለው ችግር ውስጥ ያደጉ ነበሩ። ይሁንና ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ራሱን የቻለና በራሱ የሚተማመን ሰው ሆኗል። የልጁ ጠባይም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ነገር ግን በነዚህ ልጆች ታሪክ ውስጥ ሳይሰለች የቀረባቸው ቢያንስ አንድ ዐዋቂ ይገኛል፤ ወላጅ ባይሆን አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ወይም መምህር።

በ1974 በረሖቦት በቫይስማን የሳይንስ ተቋም የተጀመረው ፔራኽ የተባለው የማስጠናት ድርጅት፣ አንድን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአንድ ልጅ ጋር ለዓመት የሚያገናኘው በዚሁ ሐሳብ ነው። በዚያም ሆነ በሌላ መንገድ የምናስጠና ሁሉ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ያው ሰው በዚያው ቀን መምጣቱ ከሚያስተምረው ሒሳብ ይበልጣል። በገዛ ፈተናው ሰሞን ሳይናገር ጠፍቶ ከወር በኋላ ብቅ የሚል አስጠኚ፣ ልጁ «ሰው አይቆይልኝም» የሚል ትምህርት እንዲማር ያደርጋል። መምጣት ካልቻልን አስቀድመን እንንገረው፤ የምንመለስበትንም ቀን ቆርጠን እንንገረው።

ስለ ምስጋናም አንድ ቃል። «ጎበዝ!» ማለት ይቀናናል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ «ብልህ ነህ» ተብለው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ሲያፈገፍጉ፣ ስለ ጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ከባዱን መርጠዋል። ስለዚህ «መሥመሩን ደግመህ በማንበብህ ስሕተቱን ራስህ አገኘኸው» ማለቱ ይሻላል። ውሸት ምስጋናን ግን ልጅ ቶሎ ያውቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የወላጆች ነገር ነው። ዕብራይስጥ ያልለመዱ አባትና እናት በክሊኒክም በትምህርት ቤትም ልጃቸውን አስተርጓሚ ያደርጋሉ። በአገራቸው ሽማግሌ ሆነው ሰው ያስታርቁ የነበሩ አባት በወላጆች ስብሰባ ላይ የዐሥር ዓመት ልጃቸውን አፍ ይጠብቃሉ። ልጁ ይህን እያየ «የእኛ ቤት ዕውቀት የለውም» ወደሚለው ቢያዘነብል አይፈረድበትም። እኛም ቤት ገብተን ልጁን ወደ ጓዳ ይዘን ስናስጠና ይህንኑ እናጸናለን። ስለዚህ ጥናቱ በሳሎን፣ ወላጆች ባሉበት፣ ቢቻል በአማርኛም ጭምር ይሁን። በአማርኛ በሰፊው የሚጫወት ልጅ ዕብራይስጡን አያጣም፤ በአንዱ ቋንቋ ያሰበው ለሌላው ስንቅ ይሆነዋል። እናትየው በሒሳብ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ላትችል ትችላለች። የቤት ሥራው ስለ መስፈሪያ ከሆነ ግን፣ ከአንድ ቁና ጤፍ ስንት እንጀራ እንደሚወጣ ልጁ «እማዬ» ብሎ ይጠይቃት። መልሷንም በዕብራይስጥ በደብተሩ ላይ ይጻፈው፤ በማግሥቱ ለክፍሉ የሚያነበውም እርሱ ራሱ ይሁን።