የኬሚስትሪ ሕግጋት በሰው ስም ሲጠሩ

በኬሚስትሪ መጻሕፍት የሚገኙት የሙያ ቃላት ከአመሠራረታቸው አንጻር በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንዳንዶቹ የነገሩን ጠባይ ይገልጻሉ፤ ሌሎቹ ነገሩን ከአንድ ሊቅ ስም ጋር ያያይዙታል። «የቦይል ሕግ»፣ «የአቮጋድሮ ቁጥር»፣ «የቫን ደር ቫልስ ኀይል» የሁለተኛው ወገን ናቸው። ተርጓሚው በእነዚህ ላይ ብዙ አይደክምም፤ ስሙን በፊደላችን ጽፎ፣ «ሕግ» ወይም «ቁጥር» የሚለውን አክሎ ያልፋል። ነገር ግን የሰው ስም ስለ ሕጉ ምንነት የሚናገረው ስለሌለ፣ ስሙ በትክክል ተጽፎ ሳለ ትርጕሙ ሊሳሳት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በምሳሌ ማስረዳትና ጥቂት ሐሳቦችን ማቅረብ ነው።

ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ ከጋዞች ሕግጋት የሚገኘው ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ሻርል ጋዞች ሲሞቁ ስለሚሰፉበት ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1787 ገደማ መርምሮ ነበር፤ ውጤቱን ግን አላሳተመም። የአገሩ ሰው ጌ ሊሳክ በ1802 የራሱን ጥናት ሲያሳትም የሻርልን ቀዳሚ ሥራ ጠቀሰ። ከጊዜ በኋላ ሁለቱ ስሞች በየቋንቋው የተለያየ ቦታ ያዙ። በእንግሊዝኛ የመማሪያ መጻሕፍት የሻርል ሕግ የሚባለው፣ ግፊት ሳይለወጥ የጋዝ ይዘት፣ ማለትም የሚይዘው ቦታ፣ ከፍጹም መጠነ ሙቀት ጋር ተመጣጥኖ ያድጋል የሚለው ነው። በፈረንሳይኛ ግን ይኸው የጌ ሊሳክ ሕግ ይባላል፤ የሻርል ሕግ የሚባለውም ይዘት ሳይለወጥ ግፊት ከፍጹም መጠነ ሙቀት ጋር ተመጣጥኖ ያድጋል የሚለው ነው። ይህኛው በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በጌ ሊሳክ ስም ነው። በዚህ ላይ፣ ጋዞች ሲዋሐዱ ይዘታቸው በትንንሽ ሙሉ ቁጥሮች ይመጣጠናል የሚለው የ1808 ሕግም የጌ ሊሳክን ስም ይዟል። እንግዲህ አንዱ ከፈረንሳይኛ፣ ሌላው ከእንግሊዝኛ ቢተረጕሙ፣ ሁለቱም ለምንጫቸው ታማኝ ሆነው ሳለ ተማሪው በአንድ ስም ሁለት ሕግጋት ያገኛል።

የዚህም ተገላቢጦሽ አለ። ቦይል በ1662 ያሳተመውን ሕግ ማርዮትም በ1670ዎቹ ስላቀረበው፣ በፈረንሳይ ሕጉ በማርዮት ስም ይጠራል። አቮጋድሮ በ1811 ያቀረበው፣ በእኩል ግፊትና መጠነ ሙቀት እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል ሞለኪውሎች አሏቸው የሚለውን መላምት እንጂ ቁጥሩን አላሰላም፤ ቁጥሩ በስሙ እንዲጠራ ዣን ፔረን ያሳሰበው በ1909 ነው። ዛሬ በአንድ ሞል ውስጥ 6.02214076 × 10²³ ተብሎ በ2019 የጸናውን ይህን ቁጥር፣ የጀርመንኛ መጻሕፍት በ1865 የሞለኪውልን መጠን በገመተው በሎሽሚት ስም ሲጠሩት ኖረዋል። ሆኖም የሎሽሚት ቋሚ ዛሬ የሚያመለክተው በተወሰነ ግፊትና መጠነ ሙቀት በአንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ብዛት ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ማሰብ ይቻላል፤

ሀ) «ሕግ»፣ «መርሕ»፣ «ቁጥር»፣ «ቋሚ» የሚሉት በአማርኛ ይሰየሙ፤ የሰው ስም ግን አይተርጐም።

ለ) ስያሜው በመጀመሪያ ሲጠቀስ ገላጭ ሐረግ ይከተለው። «የሻርል ሕግ፣ ማለት በማይለወጥ ግፊት የይዘትና የመጠነ ሙቀት ዝምድና» ቢባል አንባቢው አይሳሳትም። በመዝገበ ቃላትም ፍቺው የትኛውን ልማድ እንደተከተለ ይመልከት።

ሐ) ስሙ እንደ ባለቤቱ ቋንቋ ይጻፍ፤ «ቻርልስ» ሳይሆን ሻርል፣ «ዋልስ» ሳይሆን ቫልስ።

መ) ከአማርኛ ቃል ጋር የሚጋጨው ይታሰብበት። የፈረንሳዊው ስም «ለ ሻትልዬ» ተብሎ ተነጣጥሎ ቢጻፍ መነሻው መስተዋድድ ይመስላል፤ «የለ ሻትልዬ መርሕ» ሲባልማ ዓይን የሚያርፈው «የለ» በሚለው ግሥ ላይ ነው። ስለዚህ «የለሻትልዬ መርሕ» ብሎ አያይዞ መጻፍ ይሻላል።

የሰዎቹን ስም ትቶ ሁሉን በገላጭ ቃል መተካት ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ገላጩ ሐረግ ይረዝማል፤ ተማሪውም ወደ ሌላ ቋንቋ መጻሕፍት ሲሻገር ድልድይ ያጣል። ስሙ ይቆይ፤ ተርጓሚው ግን ስሙን ከመጻፉ በፊት የትኛው ሕግ እንደሆነ ይመርምር።