ከኮምፒውተሩ ጋር የሚሸጠውና ሳይሸጥ የሚቀረው

በመገናኛም ሆነ በመርካቶ ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው፣ ሻጩ የፕሮሰሰሩን ጄኔሬሽን፣ የራሙን መጠን፣ የሃርድ ዲስኩን ስፋትና የባትሪውን ጥንካሬ አንድ በአንድ ሲዘረዝርለት ይሰማል፤ ዋጋውም በእነዚሁ ነገሮች ተመዝኖ ይቆረጣል። ስለ ዊንዶውስና ስለ ኦፊስ፣ ስለ ሌሎቹም ፕሮግራሞች የጠየቀ እንደ ሆነ ግን የሚያገኘው መልስ «ሁሉም ተጭኖለታል» የሚል አጭር ቃል ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት ልንመረምረው የፈለግነው ይህ አጭር ቃል የሸሸገውን የንብረትና የዋጋ ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙ በማሽኑ ላይ ተጭኖ መገኘቱና በሕግ የገዢው መሆኑ እጅግ የተራራቁ ነገሮች ሲሆኑ፣ ገበያችን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ስለሚሸጣቸው፣ ገዢው አንዳንድ ጊዜ ያልገዛውን እንደ ገዛ አድርጎ በማመን፣ አንዳንድ ጊዜም በእውነት የገዛውን ንብረት ሳያውቀውና ሳይጠቀምበት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ኮምፒውተር ከግዙፍና ከረቂቅ የተዋሐደ ዕቃ ነው። ግዙፉ በእጅ የሚዳሰሰው፣ በሚዛን የሚመዘነው፣ ቀረጥ የሚከፈልበት አካሉ ሲሆን፣ ረቂቁ ደግሞ ያን አካል ለሥራ የሚያንቀሳቅሰው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ሁለቱ በዋጋ ተለያይተው መቆጠር የጀመሩት ከጥንት አንሥቶ አይደለም። የዘመኑ ታላቅ አምራች የነበረው አይ.ቢ.ኤም. ለረጅም ጊዜ ማሽኑን ለሚከራይ ወይም ለሚገዛ ደንበኛ ፕሮግራሙን ያለ ልዩ ክፍያ ጨምሮ ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ሰኔ ወር ግን ለፕሮግራሞች ለብቻቸው ዋጋ እንደሚቆርጥ አስታወቀ፤ ከዚያም ወዲህ ረቂቁ የራሱ ገበያ፣ የራሱ ባለቤትና የራሱ ውል ያለው ንብረት እየሆነ ሄደ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ፣ ረቂቁን ንብረት የገዛ ሰው እንደ መጽሐፍ ወይም እንደ ወንበር ለሌላ አሳልፎ ሊሸጠው ይችላል ወይ የሚል ነው። ስለ መጽሐፍ መልሱ ከተሰጠ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ መጽሐፉ ከአንድ ዶላር ባነሰ ዋጋ እንዳይሸጥ የሚከለክል ማስታወቂያ በገጹ ላይ አትሞ ሳለ፣ ሜሲስ የተባለው ታላቅ መደብር በ89 ሳንቲም ቢሸጠው ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1908 ባለመብቱ ቅጂውን አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ በዚያ ቅጂ ቀጣይ ሽያጭ ላይ ሥልጣን እንደሌለው ፈረደ። የሶፍትዌር አምራቾች ከዚህ ብያኔ የሚወጡበትን መንገድ ያገኙት «እኛ የመጠቀሚያ ፈቃድ እንሰጣለን እንጂ ቅጂ አንሸጥም» በማለት ነው። አንድ ነጋዴ ከአንድ የአርክቴክቶች ድርጅት የገዛቸውን አውቶካድ የተባለውን የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም የቆዩ ቅጂዎች በኢንተርኔት ገበያ መልሶ ለመሸጥ ቢነሣ፣ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያው ድርጅት ራሱ ባለፈቃድ እንጂ ባለቤት ስላልነበረ ለሌላው ሊያስተላልፍ የሚችለው መብት የለም ሲል ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ወደ ተቃራኒው አዘነበለ፤ ይኸውም ጊዜ ላልተወሰነለት ፈቃድ ዋጋውን ከፍሎ የተቀበለ ሰው የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ እስካደረገ ድረስ ፈቃዱን ለሌላ መሸጥ ይችላል፤ ነገር ግን ለብዙ ተጠቃሚዎች በአንድነት የተገዛውን ፈቃድ ከፋፍሎ መቸርቸር አይችልም የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ለፍትሕ የሚቀርበው የአውሮፓው ነው፤ ሙሉ ዋጋ የተቀበለ ሻጭ ከሽያጩ በኋላ በገዢው ቤት ውስጥ ጌታ ሆኖ ሊቀመጥ አይገባውምና።

ወደ ገበያችን ስንመለስ፣ ገዢው ሊለያቸው የሚገቡ የፈቃድ ዓይነቶች አሉ። ኦ.ኢ.ኤም. የሚባለው ፋብሪካው በብዛት ተዋውሎ ከማሽኑ ጋር አያይዞ የሚያወጣው ነው፤ ዋጋው የረከሰውም ከተወለደበት ማሽን ተለይቶ ወደ ሌላ ማሽን መዛወር ስለማይፈቀድለት ነው። ማሽኑ ሲሸጥ ግን አብሮት ይሸጣል፤ አዲሱንም ባለቤት በሙሉ መብት ያገለግላል። በችርቻሮ ለብቻው የሚገዛው ፈቃድ ዋጋው ከፍ ያለ ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ እስከ ሆነ ድረስ ከማሽን ወደ ማሽን ሊዛወር ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ስሕተት የሚፈጠርበት፣ መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ለሠራተኞቻቸው ሁሉ በጅምላ የሚዋዋሉት ፈቃድ ነው፤ ይህ ከድርጅቱ እንጂ ከማሽኑ ጋር ስላልታሰረ፣ ማሽኑ የድርጅቱን በር ለቅቆ ሲወጣ ፈቃዱ እዚያው ይቀራል።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሆን በዝርዝር መመልከት ይገባል። ዛሬ በሱቆቻችን መደርደሪያ ላይ የሚታዩት ኤሊትቡክ፣ ላቲቲዩድና ቲንክፓድ የተባሉት ላፕቶፖች መጀመሪያውኑ ለድርጅቶች ተብለው የሚሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ በአብዛኛው የዊንዶውስ ፕሮ ፈቃድ ይዞ ይወጣል፤ ዊንዶውስ 8 ከወጣበት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮም የፈቃዱ ቁልፍ እንደ ቀድሞው በጀርባው ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ሳይሆን በማዘርቦርዱ ባዮስ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ድርጅቱ በዚህ ላይ በጅምላ የተዋዋለውን ኢንተርፕራይዝ የተባለውን ዊንዶውስና ኦፊስ ይጭንበታል። ይህ የጅምላ ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚጸናው ማሽኑ በየጊዜው ከድርጅቱ ሰርቨር ጋር እየተገናኘ ሲያድሰው ነው፤ 180 ቀን ሙሉ ካላገኘው ፈቃዱ ይወድቃል። እንግዲህ ማሽኑ በጨረታ ተሽጦ፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ተላልፎ፣ በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ወይም አንድ የሒሳብ ባለሙያ እጅ ከገባ በኋላ፣ ወራት ቆይቶ «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ይወጣል።

ገዢው በዚህ ጊዜ ወደ ቴክኒሻን ይሄዳል፤ ቴክኒሻኑም ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ይጭንለታል፤ የድርጅት ሰርቨር መስሎ የሚያታልል ፕሮግራምም ይጨምርበታል። ለዚህም ሲባል ብዙ ጊዜ የቫይረስ መከላከያው እንዲጠፋ ስለሚደረግ፣ ባለቤቱ የባንክ ሒሳቡንና የደንበኞቹን ምሥጢር የሚያስቀምጥበትን ቤት መዝጊያ በገዛ ገንዘቡ አስነቀለ ማለት ነው። እጅግ የሚያሳዝነው ደግሞ ሕጋዊው የፕሮ ፈቃድ በዚያው ማሽን ባዮስ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጦ ሳለ ይህ ሁሉ መደረጉ ነው። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ይዞ የወጣ ከሆነ፣ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ያለ ክፍያ አውርዶ በፍላሽ በመጫን ብቻ፣ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ፈቃዱ ራሱን ያጸናል። ኦፊስ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የእርሱ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ከተጠቃሚው አካውንት ወይም ከድርጅቱ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ማሽኑን ተከትሎ አይመጣም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዘመድ ብለው ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚልኳቸው ላፕቶፖችም ሌላ ማሰሪያ ሊኖርባቸው ይችላል። የኩባንያ ንብረት የነበረ ማሽን ከኩባንያው የርቀት መቆጣጠሪያ መዝገብ ላይ ካልተሰረዘ፣ ፎርማት ተደርጎ እንኳ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ጊዜ የቀድሞውን ድርጅት ስም አውጥቶ የሠራተኛ መለያ ይጠይቃል፤ በአፕል ኮምፒውተሮችም የቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልወጣ ማሽኑ ተቆልፎ ይቀራል። ይህን ሊፈታ የሚችለው የመጀመሪያው ባለቤት ስለ ሆነ፣ ላኪው ወገን ዕቃውን ለተጓዥ ከማስረከቡ በፊት ቢያጣራ ተቀባዩ ከብዙ ድካም ይድናል።

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ፣ በኋላ በ2001 የኖቤልን ሽልማት ለመካፈል ባበቃው ሐተታው፣ ሻጩ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዢው በማያውቅበት ያገለገለ መኪና ገበያ ውስጥ ደኅናው ዕቃ ከመጥፎው ተለይቶ ዋጋ ስለማያገኝ፣ ደኅናው ከገበያው እየሸሸ እንደሚሄድ አስረድቷል። የእኛ ገበያ ከዚህም የባሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሻጩም እንደ ገዢው ስለ ፈቃዱ አያውቅምና። የዊንዶውስ 11 ፕሮ ፈቃድ በአሜሪካ ለብቻው የሚሸጥበት ዋጋ 199 ዶላር ነው፤ ዶላሩን በ100 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ 19,900 ብር ይሆናል፤ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ግን ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያን መጠን አልፎታል። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር ባለበትና በሌለበት ማሽን መካከል ምንም የዋጋ ልዩነት አለመደረጉ፣ ፈቃዱን አጣርቶና አስተካክሎ የሚሸጠው ታማኝ ነጋዴ ለድካሙ ዋጋ እንዳያገኝ ያደርገዋል።

በሙያ ፕሮግራሞች ዘንድ ሸክሙ ይከብዳል። በሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ ላይ ስሙ የማይጠፋው ፒችትሪ፣ አምራቹ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከለወጠው ዓመታት ያለፉ ቢሆንም፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ በኮፒ ሲተላለፍ ይኖራል፤ የአውቶካድ አምራች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አዲስ ቋሚ ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ተጠቃሚውን በየጊዜው እንዲከፍል አድርጎታል። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ጋር «ተጭኖለታል» ተብሎ የሚመጣ አውቶካድ ለገዢው መብት የሚሰጥበት ዕድል እጅግ የጠበበ ነው፤ በብር እየሠራ በዶላር ፈቃድ መክፈል ያለበት ወጣት መሐንዲስ የሚገኝበትን ጭንቅም ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን ድህነት ሕጉን አይሽረውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ጋር አንድ አድርጎ ቆጥሮታል። ቅጂውን በሕግ የያዘ ሰው ፕሮግራሙን ለመጠቀምና ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ መብቱን አውቆ የሚጥስ ግን በጽኑ እስራት እስከ መቀጣት ይደርሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከሌላ ሰው የመብት ክርክርና ከተሸሸገ ጉድለት የጠራ ስለ መሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። እንግዲህ ለገዢው መብት የሚቆም ሕግ አለ፤ የሚጎድለው ይህን መብት በደረሰኝ ላይ ማስጻፍ ነው።

የውጭዎቹ ኩባንያዎች ባለጠጎች ስለ ሆኑ ከእነርሱ መቅዳት ነውር የለበትም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ይህ ልማድ ባለጠጋውን ብቻ አይነካምና። በአገራችን ልጆች ድካም የተሠሩ፣ ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችም በዚያው መንገድ ሲገለበጡ ኖረዋል፤ ሥራው በነጻ እየተወሰደበት የሚኖር የአገር ውስጥ ፕሮግራም አዘጋጅ ሌላ ለመሥራት አቅም አያገኝም። መክፈል ለማይችል ሰውም ሕጋዊ መንገድ አልተዘጋበትም፤ ዊንዶውስን የሚተካው ኡቡንቱና ኦፊስን የሚተካው ሊብሬኦፊስ ያለ ክፍያ የሚገኙ፣ በሕግ የሚጫኑና ለተራ የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ የሚበቁ ናቸው፤ ግዕዝ ፊደልንም ያለ ችግር ያሳያሉ።

ጉዳዩን የሚያስቸኩል ሌላ ነገርም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች የሆኑትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። በዚህ ምክንያት በውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች የሚጥሏቸው ብዙ ማሽኖች ወደ እንደ እኛ ያለ ገበያ ማዘንበላቸው የማይቀር ስለ ሆነ፣ የረከሰ ዋጋ ያየ ሁሉ ጄኔሬሽኑን ሳይጠይቅ እንዳይገዛ እመክራለሁ።

ገዢ ሆይ፣ ገንዘብህን ከመቁጠርህ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ ገብተህ አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ ክፈት፤ በዲጂታል ፈቃድ የጸና ነው የሚል ካገኘህ መልካም ነው፤ በድርጅት የአክቲቬሽን አገልግሎት ነው የሚል ከሆነ ግን በእጅህ ያለው የሌላ ሰው ፈቃድ ወይም የተሰረቀ ፈቃድ መሆኑን ዕወቅ፤ የፋብሪካው ዊንዶውስ እንዲመለስልህ ጠይቅ፤ ካልተቻለም ዋጋው እንዲቀነስልህ አድርግ። በደረሰኙ ላይ ከሲሪያል ቁጥሩ ቀጥሎ የዊንዶውሱ ዓይነትና የፈቃዱ ምንጭ እንዲጻፍ አድርግ። አሮጌ ኮምፒውተሮቻቸውን በጨረታ የሚያስወግዱ መሥሪያ ቤቶችና ባንኮችም የጅምላ ፈቃዳቸውንና መረጃቸውን አጥፍተው፣ ማሽኖቹን ከመቆጣጠሪያ መዝገባቸው ሰርዘውና ከፋብሪካ ይዘውት የመጡትን ዊንዶውስ መልሰው ጭነው ለጨረታ እንዲያቀርቡ፣ ይህንንም በጨረታው ሰነድ ላይ እንዲገልጹ እንጠይቃለን።